ቦርሳዋን እስክታወርድ፦ ለተጋላጭ ልጃገረዶች ክበብ ማቋቋምና ሜንተር መሆን፣ ደረጃ በደረጃ

አንዲት ልጅ ስድስት ሳምንት ሙሉ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቦርሳዋ ከጭኗ አይወርድም። ጃኬቷን አታወልቅም። ጨዋታ ሲጀመር ፈገግ ትላለች እንጂ አትነሳም። ማንም ምንም አላላትም። በሰባተኛው ሳምንት ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። በቃ፣ ሌላ የሆነ ነገር የለም። እኔና አብራኝ የምትሠራው ሜንተር፣ ማለትም ልጆቹን እንደ ታላቅ እህት የምትከታተለው ሴት፣ ግን ተያየን።

ቦርሳዋን ያስወረዳት የሰጠናት ትምህርት አይደለም። ስለ ምን እንዳስተማርን እንኳ አሁን አላስታውስም። ሰባት ሳምንት ሙሉ ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሁለት ሴቶች አልተቀየሩባትም። እንዲህ ያለውን፣ ልጆች ያለ ስጋት የሚሰበሰቡበትን ቦታ ባለሙያዎቹ «ሴፍ ስፔስ» ይሉታል። እኔ ክበብ እለዋለሁ። ከዚህ በታች የጻፍኩት እንዲህ ያለ ክበብ ለማቋቋም ላሰባችሁ ነው፤ ድርጅት ብትሆኑም፣ ሦስት ጓደኛሞች ብትሆኑም።

1. ልጅቷን ፈልጋችሁ አግኟት

ማስታወቂያ ለጥፋችሁ ከጠበቃችሁ የሚመጡት ጊዜ ያላቸው ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤት የሚሄዱ፣ እናታቸው የምትልካቸው፣ ለመናገር የማይፈሩ። ይምጡ፣ ክፋት የለውም። ግን ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ፣ ዘመድ ጋ ተጠግታ የምትኖረዋ፣ ትምህርት ያቋረጠችው፣ በልጅነቷ የተዳረችው፣ የወለደችው፣ የተፈናቀለችው፣ አካል ጉዳት ያለባት ልጅ ማስታወቂያ አታነብም። ብታነብም «ይሄ ለእኔ ነው» አትልም።

ስለዚህ ቤት ለቤት መዞር ግድ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ልጆቹን ያገኘው እንዲህ ነበር፤ ሜንተሮቹ ራሳቸው በር እያንኳኩ።

ስታንኳኩ ጥያቄያችሁን አስተካክሉ። «ስንት ሴት ልጆች አሏችሁ?» ብትሉ «ሁለት» ይሏችኋል። በሩን የከፈተችላችሁ ሦስተኛዋ ልጅ አልተቆጠረችም። «እዚህ ቤት የሚያድሩት በሙሉ ስንት ናቸው? ዕድሜያቸውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳችሁም አትመለሱ። ጠዋት ያላገኛችኋትን ልጅ አመሻሽ ላይ ወይም በእረፍት ቀን ታገኟታላችሁ።

ዕድሜን ለዩ። ከ10 እስከ 14 ያሉትን አንድ ቡድን፣ ከ15 እስከ 19 ያሉትን ሌላ ቡድን አድርጉ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ትልልቆቹ ፊት አፏን አትከፍትም። ትልልቆቹም ሕፃን እየሰማቸው ስለ ወንድ ጓደኛ አያወሩም። ልጅ ያላቸው ካሉ፣ ሕፃኑን ለሁለት ሰዓት የሚይዝ ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አለዚያ ሁለት ጊዜ መጥተው ይቀራሉ።

2. ቦታና ሰዓት

ሕንፃ አያስፈልጋችሁም። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ባዶ የሚሆን ክፍል፣ የቤተ መጻሕፍት ጓዳ፣ የጤና ጣቢያ አዳራሽ ይበቃል። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ይህን አድርጉ። ስብሰባው በሚያልቅበት ሰዓት፣ ልጆቹ በሚሄዱበት መንገድ፣ በእግራችሁ ሂዱ። መብራት አለ? ጥጉ ላይ ቆመው የሚጠብቁ ጎረምሶች አሉ? መሐል ላይ ሰው የማይኖርበት ቦታ አለ? በመኪና መጥታችሁ ያያችሁት መንገድ እነሱ የሚሄዱበት መንገድ አይደለም።

ልጆቹንም ጠይቁ። ትልቅ ወረቀት ወለል ላይ ዘርጉና ሰፈሩን እንዲሥሉ አድርጉ። ቤታቸውን፣ ውሃ የሚቀዱበትን፣ የሚላኩበትን ሱቅ። ከዚያ የሚፈሩትን ቦታ በቀይ ያቅልሙ። አንዴ ልክ እኛ ልንከራየው ያሰብነው ክፍል ፊት ለፊት ያለው ጥግ በአራት ልጆች እጅ ቀይ ተቀባ። ክፍሉን ተውነው።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ የምታዩት ጥቂት ነገር ነው። ከውጪ በመስኮት የሚታይ ከሆነ መጋረጃ ስቀሉ። የሚናገሩት ቀጣዩ ክፍል ይሰማል ወይ? አንዳችሁ ቆማችሁ አውሩ፣ ሌላዋ ከግድግዳው ማዶ ታዳምጥ። ሽንት ቤቱ ከውስጥ ይቆለፋል? ውሃ አለው? እዚያው መደርደሪያ ላይ ሞዴስ አስቀምጡ፤ ማንንም ሳትጠይቅ የምታነሳው ይሁን።

የስሙ ነገር። በሩ ላይ «ጥቃት ለደረሰባቸው ልጆች» የሚል ጽሑፍ ከለጠፋችሁ ወደዚያ የምትገባ ልጅ ሁሉ በሰፈሩ አፍ ገባች ማለት ነው። «የሴት ልጆች የንባብና የእጅ ሥራ ክበብ» በሉት። ውሸትም እንዳይሆን አንብቡ፣ ስፉ።

ቀኑና ሰዓቱ አንዴ ከተወሰነ አይነካም። ሁለት ልጆች ብቻ ቢመጡም፣ ቢዘንብም።

3. ቤተሰብ እና አሳዳሪ

ከልጅቷ በላይ የመምጣት የመቅረቷን ጉዳይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ አባት፣ አክስት፣ ባል፣ ቀጣሪ። እነሱን ዘላችሁ ብትጀምሩ የሚቀጣው እናንተን ሳይሆን እሷን ነው። ቤታቸው ሄዳችሁ ተቀመጡ። የምታስተምሩትን በእውነት ንገሯቸው፦ ማንበብና መጻፍ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ራስን ስለ መጠበቅ። ሜንተሯን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጃቸውን የሚሰጡት ለማን እንደሆነ በዓይናቸው ይዩ። ልጅቷንም ለብቻ ጠይቁ። ቤተሰቡ ፈቀደ ማለት እሷ ፈለገች ማለት አይደለም።

ቤተሰብን የያዘ ሥራ ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳየው በ2004 እ.ኤ.አ. አማራ ክልል ውስጥ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ነው። የሜንተር ቡድን፣ ለትምህርት የሚሆን ድጋፍ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ውይይት፣ በዚያ ላይ ልጃቸውን ላልዳሩና ከፕሮግራሙ ላላስቀሩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀነሰ። የቤት እንስሳ መስጠት አለባችሁ እያልኩ አይደለም። ቤተሰቡ የሚያጣውን ነገር አስቡ ነው የምለው። ልጅቷ በሳምንት ሁለት ሰዓት ስትጠፋ የማን ሥራ ይጎድላል? ቀጣሪዋን «የትኛው ቀን ይቀላችኋል?» ብላችሁ ብትጀምሩ «ትፈቅዱላታላችሁ?» ከማለት የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

4. ሜንተር

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ሜንተር ሊቅ አይደለችም። ልጆቹ ሲያይዋት «እኔም እንዲህ መሆን እችላለሁ» የሚሏት ሴት ናት። ከዚያው ሰፈር ብትሆን፣ ቋንቋቸውን ብትናገር፣ በዕድሜ እንደ ታላቅ እህት ብትሆን ጥሩ ነው። ሦስት ዲግሪ ያላት ግን ከላይ ሆና የምትናገር ሴት አትጠቅማችሁም። ስትመርጡ «ልጆች ትወጃለሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ማን አልወድም ይላል? ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «አንዲት ልጅ የነገረችሽን ነገር አላመንሽም እንበል። ምን ትያታለሽ?» «ልጅቷ አንቺ የማትወጂውን ነገር ብታደርግስ?» ከዚያ ዝም በሉ። ቶሎ ወደ ምክር የምትሮጠዋ መልሷን ራሷ ትነግራችኋለች።

የሁለት ሰዎች ምስክርነት ጠይቁ፤ በስልክ ራሳችሁ ደውሉ። ሕጉ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ማግኘት በሚፈቅድበት ቦታ ሁሉ አስመጡ። «የምናውቃት ልጅ ናት» አይበቃም። ልጆችን መጉዳት የሚፈልግ ሰው ልጆች ያሉበትን ሥራ ፈልጎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ተወዳጅ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ ደንብ ጻፉና አስፈርሙ። አጭር ይሁን፦

- ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻዋን በተዘጋ ክፍል አትቀመጥም። በር ገርበብ ይላል፣ ወይም ሌላዋ ሜንተር ከምታይበት ርቀት ትሆናለች።
- ልጅ ቤቷ ወስዳ አታሳድርም።
- ማታ ማታ በግል አትጻጻፍም። መልእክት ካስፈለገ በቡድኑ በኩል።
- ለአንዷ ብቻ ስጦታ ወይም ገንዘብ አትሰጥም። አታበድርም፣ አትበደርም።
- አትመታም፣ አታሸማቅቅም፣ ሃይማኖት አትሰብክም።
- ሌላ ሰው ደንብ ሲጥስ ካየች ለማን እንደምትናገር ታውቃለች።

የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ልጆቹም ቅሬታ የሚያቀርቡበት ከሜንተሮቹ ውጪ የሆነ አንድ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ስሙና ስልኩ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ለአንድ ቡድን ሁለት ሜንተር፣ ልጆቹ ደግሞ ከሃያ ባይበልጡ። አንዷ ታማ ብትቀር ሌላዋ አለች። አንዷ ከምታለቅስ ልጅ ጋር ወደ ጥግ ብትሄድ ሌላዋ ጨዋታውን ታስቀጥላለች። የትራንስፖርትና የስልክ ወጪያቸውን ሸፍኑ። ደሃ ሴትን «በጎ ፈቃደኛ» እያሉ ከኪሷ ማስወጣት ነውር ነው፤ ደግሞም አትቆይላችሁም።

መቆየት ደግሞ ዋናው ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ለአንድ የሚሠራ የታወቀ የሜንተርነት ፕሮግራም ላይ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ብዙ የተጠቀሙት ከሜንተራቸው ጋር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩት ልጆች ነበሩ። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ወረደ። አስቡት፤ ሜንተር ያልነበራቸው ልጆች ከእነሱ ይሻሉ ነበር። ከዚህ ቀደም ትታ የሄደች ሰው ላላት ልጅ፣ እናንተ ሌላዋ ትታ የሄደች ሰው ናችሁ።

እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። የግል ጉዳይ ገጠመኝና ሁለት ሳምንት ሳልነግራቸው ቀረሁ። ስመለስ ማንም አልወቀሰኝም። አንዷ ግን ድሮ የምታሳየኝን ደብተር አላሳየችኝም። ደብተሩ እስኪመለስ አራት ወር ፈጀ። ስለዚህ ሜንተር ስትቀበሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አንድ ዓመት ትችያለሽ?» ካልቻለች አመስግናችሁ ሌላ ሥራ ስጧት፤ ዕቃ ትግዛ፣ መዝገብ ትያዝ። የምትቀርበት ቀን ካለ ደግሞ ቀድማ በራሷ አንደበት ትንገራቸው።

ሥልጠናውን አታንዛዙ። ግማሹን ጊዜ ለማዳመጥ ልምምድ አውሉት። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፣ አንዷ አምስት ደቂቃ ታውራ፣ ሌላዋ ምክር ሳትሰጥ ታዳምጥ። አምስት ደቂቃ እንዴት እንደሚረዝም ያኔ ይገባቸዋል።

5. ስብሰባው ራሱ

የመጀመሪያው ቀን ደንብ የሚያወጡት ልጆቹ ናቸው። «እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል» ሳይሏችሁ አይቀሩም። ያኔ አንድ ነገር ጨምሩ፣ በግልጽ፦ «አንዳችሁ አደጋ ላይ እንዳለች ከሰማሁ ግን ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ የሚረዳ ሰው መጥራት ይኖርብኛል። መጀመሪያ ግን ለራስሽ እነግርሻለሁ።» ይህን ዛሬ ካልተናገራችሁ ነገ ከሃዲ ትሆናላችሁ።

ሁለት ሰዓት ይበቃል። እኛ የያዝነው ልማድ ይህ ነው፦ ሲገቡ ሰላምታና ጨዋታ፣ ከዚያ የዕለቱ ጉዳይ፣ ከዚያ የእጅ ሥራ፣ በመጨረሻ የቁጠባ ሣጥኑ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ይፈታል። ከባዱን ነገር የሰማነው ብዙ ጊዜ ክር እየተፈተለ፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ነው።

ጉዳዮቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። በመጀመሪያው ወር ስለ አስገድዶ መድፈር አታንሱ። ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ወር አበባና ስለ ሰውነት ለውጥ ጀምሩ። ቀጥሎ ስለ ገንዘብ። ከዚያ «እምቢ» ስለ ማለት፣ ስለ ግንኙነት፣ ስለ እርግዝና መከላከያ፣ ስለ ጥቃት። መተማመን ሳይኖር ከባዱን ብታመጡት ልጅቷ ወይ ትዘጋለች፣ ወይ ሳትዘጋጅ ሁሉን ትናገርና በሚቀጥለው ሳምንት አፍራ ትቀራለች።

የገንዘቡን ነገር አታሳንሱት። ኡጋንዳ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመሩ የልጃገረዶች ክበቦች የሕይወት ክህሎትንና የሙያ ሥልጠናን አንድ ላይ ይሰጡ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ክበቦቹ በነበሩባቸው ማኅበረሰቦች በአሥራዎቹ ዕድሜ የማርገዝ ነገር በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የራሷ ሳንቲም ያላት ልጅ «እምቢ» ስትል ድምፅዋ ይለያል።

6. ልጅቷ ስትነግራችሁ

አንድ ቀን ይመጣል። ሁሉም ሲወጡ ወንበር ለማንሳት የቀረች መስላ ትቆያለች። ወይም «አንዲት ጓደኛዬ…» ብላ ትጀምራለች።

አዳምጡ። ፊታችሁ አይደንግጥ። «አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ» በሉ። «ለምን አልጮኽሽም? ለምን ሄድሽ? ምን ለብሰሽ ነበር?» አይባልም። ዝርዝሩን አትመርምሩ፤ መርማሪ አይደላችሁም። የምትጠይቁት አሁን የሚያስፈልገውን ነው፦ «ዛሬ ማታ ቤት መመለስ ያስፈራሻል? የታመመሽ ነገር አለ? መቼ ነው የሆነው?»

«መቼ» የሚለው ጥያቄ ለሕክምናው ነው። ከተደፈረች ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ እሱም ቢፈጥን ይሻላል። ስለዚህ «ሰኞ እንነጋገራለን» የሚባል ነገር የለም። ልብሷን ሳታጥብ በወረቀት ከረጢት ብትይዘው ለማስረጃ ይጠቅማል። ታጥባ ከሆነም፣ ቀኑ ካለፈም፣ ሕክምናው ይጠቅማታልና ውሰዷት። የሚነካት ሐኪም ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ እንዲነግራት ጠይቁ።

ልጅ ከሆነች ሪፖርት ማድረግ በሕግ የሚያስገድድበት አገር ብዙ ነው። ያላችሁበትን ሕግ ክበቡ ሳይከፈት አጥኑ። ደግሞ አጥፊ የተባለውን ሰው ሄዳችሁ አታነጋግሩ። ቤተሰብ መሐል ገብታችሁ አታስታርቁ። ነገሩ በእርቅ አለቀ ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ልጅቷ እዚያው ቤት ተመልሳ ገባች ማለት ነው።

ራሷን ስለ መጉዳት የምታስብ ከመሰላችሁ በቀጥታ ጠይቋት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልባትም። ብዙዎቹ በመጠየቃቸው ይቀላቸዋል። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ የጤና ባለሙያ ጋ አብራችሁ ሂዱ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈልጋችኋል፤ የጤና ተቋም፣ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ ማደሪያ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ። ተቋም ብቻ ሳይሆን የሰው ስም ያለበት። እኛ አንዴ የተሰጠንን ዝርዝር ይዘን ስንደውል ከስድስቱ ሁለቱ ስልኮች አይሠሩም፣ አንዱ ማደሪያ ከተዘጋ ቆይቷል። በየሦስት ወሩ ራሳችሁ ደውላችሁ ፈትሹ።

ሜንተሯስ? ከባድ ነገር የሰማች ሜንተር ያን ዕለት የምታወራት ሰው ይኑራት፤ የልጅቷ ስም ሳይነሳ።

7. መዝገብና ፎቶ

የመገኛ መዝገብ ላይ ስም ይኑር። ልጅቷ የነገረቻችሁን የምትጽፉበት ወረቀት ላይ ግን ስም አይኑር፣ ቁጥር እንጂ። ሁለቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጡ። ፎቶ አታንሱ፤ ለጋሽ ቢጠይቅም እጃቸውን፣ ሥራቸውን አንሱ። የቴሌግራም ቡድን ከከፈታችሁ «ዛሬ ስብሰባ አለ» ከማለት ያለፈ ነገር አይጻፍበት። የልጅቷን ስልክ ሌላ ሰው እንደሚከፍተው አድርጋችሁ አስቡ፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው።

8. ሠርቷል ወይ?

የመጣውን ልጅ ቁጥር ብቻ አትቁጠሩ። ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ጊዜ፣ እያንዳንዷን ለብቻ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ማታ ቤትሽ ማደር ባትችይ የት ትሄጃለሽ? ገንዘብ ቸግሮሽ ማንን ትጠይቂያለሽ? ምስጢር የምትነግሪያት እኩያሽ አለች? መጀመሪያ «የለም፣ የለም፣ የለም» ያለችው ልጅ ሁለተኛው ላይ አንድ ስም ከጠራች ክበቡ እየሠራ ነው።

ልኩንም እወቁ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ የተሠራ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሴፍ ስፔስና ሜንተር ያገኙት ልጆች ጓደኛና የሚታመን ትልቅ ሰው አገኙ፤ ስለ ጋብቻና ስለ መውለጃ ዕድሜ ያላቸው አስተሳሰብም ተለወጠ። የሚደርስባቸው ወሲባዊ ጥቃት ግን አልቀነሰም። አይገርምም። አጥቂው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ልጅቷን ብቻ ማሠልጠን ጥቃቱን የማስቆም ሸክም እሷ ላይ መጣል ነው። አባቶችን፣ ወንድሞችን፣ ቀጣሪዎችን፣ መምህራንን የሚያነጋግር ሌላ ሰው ጎን ለጎን ያስፈልጋል። አቅም ከሌላችሁ የሚሠራ ድርጅት ፈልጋችሁ ተጣበቁበት።

9. ስትጨርሱ

በጀት ያልቃል፣ ሜንተር ታገባለች፣ ክፍሉ ይፈለጋል። መዝጋት ካለ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ንገሯቸው፤ በየሳምንቱም «ስድስት ቀረን፣ አምስት ቀረን» በሉ። የሚናደዱ ይኖራሉ። ይናደዱ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የሚቀሩም አሉ፤ ከመተዋቸው በፊት ራሳቸው መተው ስለሚቀላቸው ነው። ቤታቸው ሂዱና ተሰናበቷቸው።

ከትልልቆቹ ውስጥ የሚችሉትን ከወዲሁ ረዳት ሜንተር አድርጉ። ቁልፍ ይያዙ፣ ጨዋታውን ይምሩ። የቁጠባ ሣጥኑ ሁሉም ባሉበት ተቆጥሮ ለየባለቤቱ ይመለስ። ያን አንድ ገጽ የስልክ ዝርዝር ለመጨረሻ ጊዜ ደውላችሁ አጣሩ። ወረቀቱን ቤት መውሰድ ለማትችል ልጅ ቢያንስ አንዱን ቁጥር በቃሏ አስይዟት። ሦስት ጊዜ፣ ወረቀት ሳታይ፣ ጮክ ብላ ትበለው።